የዝናቡ ልጅና ቤት ከዳኙ

ተረት ተረት!

ምነው? አፋችሁ ተሰፋ እንዴ? ቅድም ደጅ ስትጯጯሁ ጎረቤት አላስቀመጣችሁም፤ አሁን ተረት ሲባል ዝም? እንደገና! ተረት ተረት!

«የዝናብ በረት!»

ማነው እሱ? ቢራራ ነህ? «የላም በረት» ነው የሚባለው፣ አንተ ቀልማዳ! ግን ይሁን፣ ለዛሬ ይሄው ይሻላል። ውጭም እያካፋ ነው።

ቅድም ጨዋታችሁን ሰምቻለሁ። ቢራራ፦ «እኔ የመብረቅ ልጅ ነኝ!» ይላል። ሽታዬ ደግሞ፦ «እኔ የወንዝ ልጅ ነኝ፣ አጠፋሃለሁ!» ትላለች። የሰማይ ጌታ ያልወለደው ልጅ እዚህ ግቢ የለም ማለት ነው። ኋላ ሽታዬ መጣችና፦ «እምዬ፣ ግን የሰማይ ጌቶች ከሰው እንዴት ነው የሚወልዱት?» ብላ ጠየቀችኝ። እናንተም ሳቃችሁባት። ምን ያስቃል? ደግ ጠየቀች። እኔም በእሷ ዕድሜ አያቴን ይህንኑ ጠይቄያት ነበር። የነገረችኝን ልንገራችሁ። ቀረብ በሉ። አንቺ፣ እግርሽን ከምድጃው አንሺ፣ ትቃጠያለሽ።

በድሮ ዘመን፣ ዝናብም ነፋስም የየራሳቸው ጌታ በነበራቸው ጊዜ፣ ከአንድ ሐይቅ ዳር አንድ መንደር ነበር። በዚያ መንደር ስንዱ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባታል። ልጅም አልነበራትም። ብቻዋን ታርሳለች፣ ብቻዋን ታጭዳለች፣ ብቻዋን ትበላለች። የዚያ አገር ሰው ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። ደጅ ላይ የቆመን ሰው «ግባ» ሳይሉ ማሳለፍ ነውር ነው። የተጣሉትም ቢሆን ግባ ይባላል።

አንድ ቀን ስንዱ ገብሷን ቁርበት ላይ አስጥታ ተቀምጣ ነበር። ስጥ ሲሰጣ ዝናብ መምጣቱ አይቀርም፣ ታውቁት የለ? ያን ቀንም መጣ። መንደርተኛው ስጡን እየሰበሰበ ይሮጣል። እየሮጠም ዝናቡን ይረግማል። «ምን ቀን ጣለብን! ምናለ ዛሬ እንኳ ቢተወን!» ይላል። ስንዱም ስጧን ሰብስባ ገባች። ከዚያም በራፏ ላይ ቆማ ዝናቡን አየችው። ደጃፏ ላይ ቆሟል። አይሄድም፣ አይገባም። ሆዷ ባባ።

«ይሄም ደጄ ላይ የቆመ አይደል?» አለች በልቧ። ከዚያም ጮክ ብላ፦ «ምን ውጭ ያስቆምሃል? ቤት ለእንግዳ! ግባ እንጂ!» አለችው።

እንግዲህ ልማድ ሆኖባት ነው። ይገባል ብላ አይደለም።

ዝናቡ ግን ሰማ። ከተፈጠረ ጀምሮ «ና» ያለው ሰው ሞልቷል፤ በድርቅ ጊዜ ሁሉም ና ይለዋል። «ሂድልን» ያለውም ሞልቷል። «ግባ» ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ደነገጠ። በበር መግባት አያውቅምና በጣራው መጣ። ሣሩን በሳ አደረገና ከምሰሶው አጠገብ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያም ሰው ሆኖ ቆመ።

«ምን ዓይነት ሰው፣ እምዬ?»

ቆይ እንጂ! ልነግርህ አይደል? ረዘም ያለ፣ ፀጉሩ የሚንጠባጠብ፣ ጋቢው ከላዩ ላይ የማይደርቅ ሰው ነው። ስንዱ ክው አለች። ግን ምን ታድርግ? ግባ ያለችው ራሷ ናት። እንግዳ ጠርቶ ማባረር የለ።

«በሉ ይቀመጡ» አለችው። መደቡ ላይ ተቀመጠ። መደቡ ጭቃ ሆነ።

«ስምዎ ማነው?»

«ዝናቡ» አላት።

«አገርዎስ?»

ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

ወደ ምድጃው ጠጋ ሲል እሳቱ ጠፋ። ቆሎ ሰጠችው። ቆሎው እጁ ላይ በቀለ! የተቆላ ገብስ መዳፍ ላይ ሲያቆጠቁጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ አየች። እሱም አፍሮ እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ። ያን ጊዜ ስንዱ ሳቋ መጣ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስቃ አታውቅም ነበር። እሱም የሰው ሳቅ ከቅርብ ሰምቶ አያውቅም፤ ሁሌ ከጣራ በላይ ሆኖ ነው የሚሰማው። እንደገና ላስቃት ብሎ ሌላ ፍሬ ከቆሎው አነሳ። ያም በቀለ።

ክረምቱን እዚያው ከረመ። ተዋደዱ፣ ተጋቡ፣ ስንዱም አረገዘች።

«ግን እንዴት?»

እንደ ሰው ነዋ፣ ሽታዬ! ሌላውን እናትሽን ጠይቂ። የኔ ተረት የሚያውቀው ይህን ነው፤ የሰማይ ጌታ ግባ ካሉት ቤት ይወልዳል። ካላሉት ያልፋል። ሳቅ ይብቃ፣ ልቀጥል።

መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ተነሣ። «ከዚህ በላይ ከቆየሁ የአገሩ እህል ይበሰብሳል። መሄዴ ነው» አላት። ስንዱ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ የሱ ልቅሶ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት። ከዚያም፦ «የገባሁበትን ቀዳዳ አትድፈኚብኝ። የሚወለደው ልጄ ሲፈልገኝ ስጥ ያስጣ። እመጣለሁ» አላት። በቀዳዳውም ወጥቶ ሄደ።

ስንዱ ሴት ልጅ ወለደች። ካፊያ አለቻት። ካፊያ እንደ ሰው በላች፣ እንደ ሰው አደገች። ነገር ግን ስትስቅ ከላይዋ ያካፋል። ስታለቅስ ደመና ይሰበሰባል። ስለዚህ ሠርግ ሲኖር ማንም አይጠራትም። «ዳሱን ታረጥብብናለች» ይላሉ። ስጥ በሚሰጣበት ደጅ እንድታልፍ አይፈቅዱላትም። ራሷም ስጥ እንዳታሰጣ፣ «አባቷን ትጠራብናለች» ብለው ከልክለዋታል። እሷም ቤት ትቀመጥና ከቀዳዳው ሥር ሆና ሽቅብ ሰማዩን ታያለች። «እማ፣ አባቴ መልኩ ምን ይመስላል? ድምፁስ? እኔን ያውቀኛል?» ትላለች። ስንዱም የምታውቀውን ሁሉ ደጋግማ ትነግራታለች። ልጅቷ ግን አትጠግብም። እናት የነገረችውና በዓይን ያዩት አንድ አይደለም።

ካፊያ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች። በዚያ ዓመት ቤታቸው አረጀና ይሁኔ የሚባል ወጣት ሣሩን ሊለውጥ መጣ። ይሁኔ ቤት ከዳኝ ነው። አባቱም ቤት ከዳኝ ነበር። ጣራው ላይ ወጣና ቀዳዳውን አየ።

«ይሄን አስቀድሜ ልድፈነው» አለ።

ስንዱ ከታች ጮኸች፦ «እጅህን ሰብስብ! እሱን እንዳትነካው!»

ይሁኔ ግራ ገባው። የሚያፈስ ጣራ የሚወድ ሰው አይቶ አያውቅም። ካፊያ የሣሩን እስር ከታች እያቀበለች ነገሩን ሁሉ ነገረችው። እሱ አልሳቀባትም። «ታዲያ ዙሪያውን አሳምሬ ልክፈፈው፤ የአባት መግቢያ እንዲህ ተቦጭቆ አይተውም» አላት። ካፊያ ደስ ብሏት ሳቀች። ወዲያው አካፋና ሣሩ ራሰ። ሣሩ ሲደርቅ ደግሞ እንደገና አሳቃት። ሳምንት የማይፈጅ ሥራ ወራት ፈጀ። እንግዲህ መዋደዳቸውን መንደሩ በሙሉ አወቀ።

ይሁኔ ሽማግሌ ላከ። ዋናው ሽማግሌ አባ ድንበሩ ናቸው። የአገሩን ሰው ዘር የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ አገር ያለ ዘር ቆጠራ ጋብቻ የለም። በሙሽራውም በሙሽሪትም በኩል እስከ ሰባት ቤት አባት ይቆጠራል። አንድ ላይ ከገጠመ ዘመድ ናቸውና አይጋቡም። አባ ድንበሩ የይሁኔን አባቶች ሳይተነፍሱ ቆጠሩ። ከዚያም ወደ ስንዱ ዞሩ።

«የካፊያ አባት ማነው?»

«ዝናብ ነው» አለች ስንዱ።

«አንቺ ልጅ፣ በሽማግሌ አትቀልጂ! አባቷ ካልታወቀ የይሁኔ እህት እንደማትሆን በምን አውቃለሁ? በፊታችን ባለው እሑድ አባት ተብዬው እፊቴ ቀርቦ ዘሩን ይቁጠር። አለዚያ ነገሩ ቀርቷል። የይሁኔ እናት ሌላ ልጅ አይታለታለች» ብለው ሄዱ።

ካፊያ ተነሣች፤ ቁርበቱን አወጣች፤ ገብስ ልታሰጣ ነው። መንደርተኛው ይህን ሲያይ እየሮጠ መጣ። ጊዜው ጥር ነዋ! የዓመቱ እህል በሙሉ አውድማ ላይ ተከምሯል። ገሚሱ ተወቅቷል፣ ገሚሱ አልተወቃም። አንዲት የልጆች እናት ቁርበቱን ይዛ፦ «በእናትሽ ካፊያ፣ ተይ! አባትሽ ከዘነበብን እህላችን አለቀ። አንቺ ባል ታገኛለሽ፣ ልጆቼ ግን ምን ይበላሉ?» ብላ አለቀሰች።

ካፊያ ሴትዮዋን አየቻት። ደጋግመው ከደጃቸው ያባረሯት ሰዎች ናቸው። ቢሆንም አንጀቷ አልቻለም። ቁርበቱን ጠቀለለችና ገባች። ይሁኔ መጥቶ፦ «ሌላ አገር እንጥፋ» አላት።

«አልሄድም» አለች። «አንተንም እፈልጋለሁ፣ አባቴንም አንድ ቀን ማየት እፈልጋለሁ። ጠፍቼ ብሄድ አንዱ ይቀርብኛል።»

ከዚያም እንደ ልማዷ ከቀዳዳው ሥር ተቀምጣ ሽቅብ አየች። አየችና፣ አየችና፣ ብድግ አለች።

«እማ! ስጥ ደጅ ብቻ ነው እንዴ የሚሰጣው?»

አያችሁልኝ ልጅቷን? ጎበዝ!

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጥተው በመደቡ ላይ ተደረደሩ። ካፊያ አንዲት እፍኝ ገብስ ሰፌድ ላይ አስጥታ ከቀዳዳው ሥር አስቀመጠች። አባ ድንበሩ አጉረመረሙ፦ «ቤት ውስጥ የሚሰጣ ስጥ! እሳቱ ዳር አታስቀምጪውም?» አሉ። ካፊያ ሰፌዱን አስተካከለች። ሽቅብ አየችና፦ «አባዬ፣ ካፊያ ነኝ። እህሉ አውድማ ላይ ነው፣ ደጁን እንዳትነካብኝ። በመግቢያህ በኩል ግባ» አለች።

ምንም አልመጣም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አባ ድንበሩ ሊነሡ ዱላቸውን ጨበጡ። ያኔ አንዲት ጠብታ መላጣቸው ላይ ጠብ አለች። ቀና አሉ። ሌላ ጠብታ አፍንጫቸው ላይ። ከዚያም ወረደ። በቀዳዳው በኩል ብቻ ወረደና ጋቢው የሚንጠባጠብ ሰው ሆኖ ከምሰሶው አጠገብ ቆመ። ሽማግሌዎቹ እግራቸውን መደቡ ላይ ሰበሰቡ።

ዝናቡ መጀመሪያ ያየው ስንዱን ነው። ፀጉሯ ሸብቷል። እሱ እንደ ዱሮው ነው።

«ቀዳዳውን አልደፈንሽውም» አላት።

«ምን ብዬ!» አለችው። 

ከዚያም ልጁን አየ። ሁለቱም ተያዩ። ካፊያ ስንት ዓመት ስትጠይቅ የኖረችውን ሁሉ ረሳችው። እጇን ዘርግታ ጉንጩን ነካችው። እንደ እሷው ቀዝቃዛ ነው።

አባ ድንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፈርተዋል፣ ግን ሕግ ሕግ ነው። «እርስዎ… ዘርዎን ይቁጠሩ» አሉ።

«እኔ ዝናቡ ነኝ» አለ።

«አንድ። የዝናቡ አባት?»

«ደመና።»

«የደመና አባት?»

«ጉም። የጉም አባት ሐይቅ ነው። የሐይቅ አባት ወንዝ። የወንዝ አባት ምንጭ።»

አባ ድንበሩ በጣታቸው ይቆጥራሉ። «ስድስት ሆነ። የምንጭስ አባት?»

ዝናቡ ጥቂት አሰበ። ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። «የምንጭ አባትማ… እኔው ነኝ» አለ።

ጉድ ፈላ! አባ ድንበሩ ጣታቸው እንደተቀሰረ ቀረ። «ሰው የገዛ ራሱ ቅድመ አያት ይሆናል?» አሉ። ዞረው ቆጠሩት፣ ያው ነው። ከዚያም ፊታቸው ተለወጠ። «እንግዲያው የባሰው መጣ። የምንጩ አባት አንተ ከሆንክ፣ ከዚያ ምንጭ ያልጠጣ ማን አለ? ይሁኔም ጠጥቷል፣ እኔም ጠጥቻለሁ። ሁላችንም የአንተ ዘር ሆነን ቀረን። ካፊያ ለሁሉም እህት ናት። ማንንም አታገባም!»

 ዝናቡ ግራ ገባው። ምንጭ ያፈልቃል፣ ሐይቅ ይሞላል፤ የሰውን ሕግ ግን አያውቅም። ልጄን ልረዳ ብዬ መጥቼ አጠፋሁባት ብሎ አንገቱን ደፋ። ካፊያ እንባዋ ሞላ። ከውጭ ሰማዩ መጥቆር ጀመረ። ከአውድማው በኩል የሰዎች ጩኸት ተሰማ። እሷም ለእህሉ ብላ እንባዋን ዋጠችው።

ይሁኔ ያን ሲያይ ከበር ወደ መሃል መጣ።

«አባ ድንበሩ፣ የእኔን ዘር አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ። ሥራቸውንም ይጨምሩበት።»

«ምን ይሠራልሃል?»

«ግድ የለም፣ ይድገሙልኝ።»

ደገሙት። አባቱ ላቀው፣ ቤት ከዳኝ። አያቱ ዓለሙ፣ ቤት ከዳኝ። ቅድመ አያቱም፣ ከዚያ በላይ ያለውም፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ ሁሉም ቤት ከዳኝ።

«የቤት ከዳኝ ሥራው ምንድነው?» አለ ይሁኔ። «ዝናብን ከቤት ማስቀረት ነው። እሳቸው የኛ ዘመድ ከሆኑ፣ አባቶቼ ሰባት ትውልድ ሙሉ የገዛ ዘመዳቸውን ደጅ ሲያሳድሩ ኖረዋል ማለት ነው። በዚህ አገር ዘመዱን ደጅ ያሳደረ ቤት ያውቃሉ? አባቶቼ እንዲህ ያሉ ባለጌዎች ነበሩ ካሉኝ፣ ጋብቻው ይቅር።»

አባ ድንበሩ የራሳቸውን ጣራ አሰቡ። የይሁኔን አያት ባለጌ ማለት አይቻልም፤ ቤታቸውን የከደኑላቸው እሳቸው ናቸው። ቆይተው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እየሳቁ ነው ለካ!

«የለም፣ ዘመድስ አይደላችሁም» አሉ። «ባዳ ናችሁ! ባዳ ለባዳ ይጋባል። ይሁን!»

ስንዱ እልልታዋን አቀለጠችው። ዝናቡም ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹ እስከ ጉልበታቸው በሰበሱ። ከዚያም ወደ ይሁኔ ጠጋ ብሎ፦ «ልጅ፣ ልጄን ካገባህ በኋላስ ደጅ ታሳድረኛለህ?» አለው።

«ኧረ ምን በወጣኝ! በቤቴ ጣራ ላይ መግቢያ እተውልዎታለሁ» አለ ይሁኔ።

ካፊያ የአባቷን እርጥብ ጋቢ ያዘች። «በሠርጌ ቀን ናልኝ። ጉልበትህን ስሜ መመረቅ እፈልጋለሁ» አለችው።

ዝናቡ ዓይኑን ሰበረ። «እኔ ስመጣ ፀሐይ ትሄዳለች። ሰዉም ስጡን ይዞ ይሮጣል። ሠርግሽን ላበላሽብሽ?»

«እኔ ግባ ብዬሃለሁ። አመጣጡን አንተ እወቅበት» አለችው። እሱም ቃል ሳይሰጥ በቀዳዳው ወጥቶ ሄደ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ዳሱ ተጣለ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ከበሮው ተመታ። ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ሰዉ ይበላል፣ ግን አንድ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። ሙሽሪት የወላጆቿን ጉልበት የምትስምበት ጊዜ መጣ። ከዳሱ ውጭ ሁለት በርጩማ ተቀመጠ። አንዱ ላይ ስንዱ ተቀመጠች። አንዱ ባዶ ነው። ካፊያ የእናቷን ጉልበት ስማ ተመረቀች። አባ ድንበሩ በሹክሹክታ፦ «ይበቃል ልጄ፣ የእናት ምርቃት ይበቃል» አሏት። እሷ ግን ወደ ባዶው በርጩማ ዞራ ተንበረከከች። ሴቶቹ አዘኑላት።

ያኔ ፀሐይዋ እንደወጣች፣ ደመና የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ካፊያ ጣለ። ወፍራም አይደለም። አውድማ የሚያበሰብስ አይደለም። ቀስ ብሎ፣ ተጠንቅቆ፣ በርጩማው ላይና የልጅቷ ራስ ላይ ጣለ። ካፊያ ጎንበስ ብላ በርጩማውን ሳመችው። ከንፈሯ ረጠበ። ራሷም ላይ እንደ እጅ ሆኖ ዐረፈባት። አንዳንዱ ሰው እንደ ልማዱ ሊሮጥ ተነሥቶ ነበር። የልጆቹ እናት ግን፣ ያቺ ቁርበቱን የያዘችው፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፦ «ቤት ለእንግዳ! ግባ!» ብላ ጮኸች። ዳስ ሙሉ ሰው ተከትሏት፦ «ግባ! ግባ!» አለ።

እናንተ ታዲያ ፀሐይ እየወጣ ሲዘንብ ምን ትላላችሁ?

«ጅብ ወለደች!»

ጅብ ወለደች! ጅብ ምን አግብቷት! አባት ነው፣ የልጁ ሠርግ ላይ የተጠራ። ከእንግዲህ እንዳልሰማችሁ።

ምንድነው ቢራራ? ምን ሆንክ?

«እምዬ፣ እዚህ ምሰሶው ጋ እያፈሰሰ ነው። እራሴ ላይ ጠብ አለብኝ። አባባን ልጥራው ይድፈነው?»

ተው፣ እሱን እንዳትነካው። ከአያቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ትንሽ ፈቀቅ በልለትና ቦታ ስጠው።

በሉ፣ ተረቴን ለልጆቻችሁ አድርሱ፤ ለደከመችው አፌም ከዳቦው ቁረሱ!